ያመነታ መራጭ

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። መስቀል ካለፈ ገና ሦስተኛው ቀን፣ በቴፒና በበበቃ ቆላ ቡናው መቅላት የሚጀምርበት ሰሞን። በዚያ ቀን የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች፣ እንዲሁም የኮንታ ልዩ ወረዳ ነዋሪዎች ለሕዝበ ውሳኔ ወጡ። የተጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ከደቡብ ክልል ወጥታችሁ የጋራ ክልል ትመሠርታላችሁ ወይስ ባላችሁበት ትቀጥላላችሁ? ምርጫ ቦርድ ውጤቱን ሲያሳውቅ «እንመሥርት» ያለው ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። «እንቀጥል» ያለው 24 ሺህ ገደማ ነው፤ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። 17 ሺህ የሚሆን ወረቀት ደግሞ ዋጋ አልባ ተብሎ ወደ ጎን ተደረገ።

ይህን ቁጥር ያነበበ ሰው፣ እዚያ አገር ያመነታ አልነበረም ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ያ ቁጥር በማመንታት የተሞላ ነው ባይ ነኝ። ያመነታው ሰው ከ24 ሺሁ መካከል ብቻ አይደለም የሚፈለገው፤ በብዛት የሚገኘው ከሚሊዮኑ ውስጥ ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀት ወዴት እንዳዘነበልክ እንጂ ምን ያህል እንዳዘነበልክ አይጠይቅም። ይህን ቀን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረውም፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጎህ ሲቀድ በጭንቅ ወደ አንዱ ያጋደለውም እኩል አንድ አንድ ተብለው ይቆጠራሉ። ቆጠራው ሲያልቅ የመጀመሪያው ሰው ደስታ የሁሉም ደስታ ይባላል፤ የሁለተኛው ሰው ሌሊት ግን የትም አይጻፍም።

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሸኮ ሳይደረስ፣ እሸት ቡና የሚሰበስቡ አንድ ሰው አውቃለሁ። ጆንያው ሲራገፍ ሚዛኑን ከማየታቸው በፊት አንድ እፍኝ ይዘግኑና አረንጓዴውን በአውራ ጣታቸው እየገፉ ይለያሉ። ቀዩን ጨመቅ አድርገው ፍሬው ሹልክ ብሎ ሲወጣ ካዩ ዝም ይላሉ፤ አረንጓዴው ከበዛ ግን ጆንያውን ያመጣውን ልጅ ፊት ይነሡታል። «ቅርንጫፉን ሙልጭ አድርገህ ነው የለቀምከው፤ የደረሰውንም ያልደረሰውንም» ይሉታል። በሕዝበ ውሳኔው ሰሞን አንድ አመሻሽ ላይ እሳቸው ዘንድ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ምን ሊሉ ነው?» አላቸው ሚዛኑ ላይ የሚሠራው ወጣት።

«እንመሥርት ነዋ! ሃዋሳ ለአንድ ፊርማ ሄጄ፣ ለቡና የያዝኩትን ብር መንገድ ላይ ጨርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ እኮ።»

«እንግዲህ አለቀ በሉኛ!»

«አላለቀም እንጂ የኔ ልጅ። መውጣቱስ እሺ፤ ወጥተን የት እንደምንገባ ማን ነገረህ?»

ወጣቱ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ወደ አረንጓዴው ቡና ተመለሱ። እኔ ደግሞ ስለ ምርጫ ሳስብ የሚመጣብኝ ያ ቅርንጫፍ ነው። ሕዝበ ውሳኔ ማለት በአንድ ቀን ሙልጭ አድርጎ መልቀም ነው፤ በሰው ልብ ውስጥ የደረሰውም ገና ያልደረሰውም ሐሳብ አብሮ ይራገፋል።

የሰውዬው «እንመሥርት» የደረሰ ነበር። ከሚዛን ሃዋሳ ለመሄድ ወይ በጅማና በአዲስ አበባ በኩል መዞር፣ ወይ በተርጫና በሶዶ በኩል ገደሉን ማቋረጥ ነው። ርዕሰ ከተማው የራቀበት ሰው ርቀቱን የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ ባደረበት አልጋ፣ ባቋረጠው ሥራ፣ «ነገ ና» በተባለበት ቀን ብዛት ጭምር ይለካዋል። ነገሩ የዛሬ ብቻም አይደለም። የካፋ ጠቅላይ ግዛትም፣ በኋላ ክፍለ ሀገሩም፣ መቀመጫው ጅማ ነበር። በ1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ አገሪቱን በቁጥር በሰየማቸው ክልሎች ሲከፍል ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንችና አካባቢው ክልል 11 ተባሉ። ብዙ ሳይቆይ ከ7 እስከ 11 ያሉት ክልሎች ተጠቃለው የደቡብ ክልል ሆኑ፤ መናገሻውም ሃዋሳ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ያው አካባቢ፣ ዳውሮንና ኮንታን አክሎ፣ የፌዴሬሽኑ 11ኛ ክልል ለመሆን ድምፅ ሰጠ። ያንኑ ቁጥር መልሶ ለማግኘት የአንድ ሰው ግማሽ ዕድሜ ፈጀ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ብሂል በዚያ ሰሞን ቢደጋገም ምን ይገርማል?

ያልደረሰው ሐሳብስ? እሱ ብዙ ነው፤ ቶሎም አይነገርም።

ቴፒ ላይ የሚኖር ሰው 1994 ዓ.ም.ን አልረሳም። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር፣ ቴፒ ያለችበት የኪ ወረዳ በማን ትተዳደር የሚለው ጥያቄ ደም አፋስሷል፤ ከሞቱት የሚበዙት ጥያቄውን ያነሡት የሸኮና የመዠንገር ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ለዚህ ሰው የወሰን ጥያቄ ከወረቀት በፊት በመቃብር የሚያውቀው ነገር ነው። ሃዋሳ በራቀች ጊዜ የጎረቤቱ አለቃም ይግባኝ የሚባልበት ሦስተኛ ወገን ነበረው፤ ሩቅና ደካማ ቢሆንም ሦስተኛ ወገን ነው። አዲስ ክልል ሲመጣ ያ ሦስተኛ ወገን ማን ሊሆን ነው? ትንሹ ብሔረሰብ ከትልቁ ጋር ብቻውን ሲቀር ቅርበት መድኃኒትም ይሆናል፣ ሥጋትም ይሆናል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ሰው ሁልጊዜ ፈሪ አይደለም፤ አንዳንዴ ታሪክ ያስተማረው ነው።

ጉራፈርዳ ደግሞ ሌላ ልብ አለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም.፣ ሕዝበ ውሳኔው ሊደረግ ዓመት ሳይሞላው፣ እዚያ ወረዳ ነዋሪዎች በታጣቂዎች ተገድለዋል፤ ብዙዎቹ ከሌላ አካባቢ መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ነበሩ። በደቡብ ምዕራብ ቡና ምድር ሰፋሪ መሆን አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ የደርግ ሠፈራ አምጥቶት፣ አንዱ ለለቀማ መጥቶ ቀርቶ፣ አንዱ የአባቱን ሱቅ ወርሶ እዚያው ወልዶ የከበደ ነው። ይህ ሰው ካርድ ወስዷል፤ ተሰልፏልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 ክልል የመመሥረትን መብት የሰጠው ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው። ሳጥኑ ግን የጠየቀው ነዋሪውን ነው። ስለዚህ ሰውዬው «እንመሥርት» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «እኛ» ሐሙስ ዕለት እንደሚጨምረው እርግጠኛ ነው፤ ዓርብስ? የዚህ ሰው ማመንታት በሃዋሳና በቦንጋ መካከል አይደለም። የሚያመነታው በመራጭነቱና በነዋሪነቱ መካከል ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የትኛውም የድምፅ መስጫ ወረቀት አይመልስለትም። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉም ማመንታት ይህን ነው የማከብረው።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ፦ ወጥተን የት እንገባለን? ወረቀቱ ላይ የከተማ ስም አልነበረም። በየቡና ቤቱ ግን ክርክሩ የከተማ ነበር። በፈረንሳይ አብዮት ዋዜማ ኮንዶርሴ የተባለ የሒሳብ ሊቅ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳይቷል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1785 በታተመው ሥራው። ምርጫው ሁለት ሲሆን የብዙኃኑ ፍላጎት ግልጽ ነው፤ ሦስት ሲሆን ግን እያንዳንዱ ሰው ሐሳቡ የቀና ሆኖ ሳለ ብዙኃኑ ራሱን በራሱ ሊቃረን ይችላል። የእኛው አገር መንገድ ይህን ከፈረንሳይ ይልቅ ያስረዳል። ሦስት ሰዎች እናስብ። የቦንጋው ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው ማእከሉ ቦንጋ የሆነ አዲስ ክልል ነው፤ እሱ ካልሆነ ሚዛን ላይ ይሁን፤ በደቡብ መቆየት መጨረሻው ነው። የሚዛኑ ሰው ማእከሉን ሚዛን ላይ ይፈልጋል፤ ካልሆነ እንቆይ ይላል፤ ለቦንጋ ከመገበር ሃዋሳን ለምዷታል። የተርጫው ነጋዴ ደግሞ በሶዶ በኩል ሃዋሳ አትርቀውም፤ ብንቆይ ይሻላል ይላል፤ ከወጣን ግን ቦንጋ ይቀርበዋል፣ ሚዛን ሩቁ ነው።

እንግዲህ ሦስቱን እንቁጠር። ቦንጋ ወይስ ሚዛን ቢባል የቦንጋውና የተርጫው ሰው ቦንጋ ብለው ያሸንፋሉ። ሚዛን ወይስ መቆየት ቢባል የሚዛኑና የቦንጋው ሰው ሚዛን ብለው ያሸንፋሉ። መቆየት ወይስ ቦንጋ ቢባልስ? የሚዛኑና የተርጫው ሰው መቆየት ብለው ያሸንፋሉ። ቦንጋ ሚዛንን ረታ፣ ሚዛን መቆየትን ረታ፣ መቆየት ቦንጋን ረታ። ማንም አልሳተም፣ ማንም አላጭበረበረም፣ የሕዝብ ፈቃድ የሚባለው ነገር ግን ክብ ሆኖ ይዞራል። እዚህ ላይ ሥልጣኑ ያለው ጥያቄውን ባወጣው ሰው እጅ ነው። «መውጣት ወይስ መቆየት» ተብሎ ሲጠየቅ የቦንጋውም የሚዛኑም ሰው፣ እያንዳንዱ የራሱን ከተማ በልቡ ይዞ፣ «መውጣት» ላይ ይገናኛሉ። ተስማሙ ይባላል። የተስማሙት ግን ባልተጻፈ ነገር ላይ ነው።

በእርግጥ እውነተኛው ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ ይበልጣል፤ ከተማውን ጨርሶ ከቁም ነገር ያልቆጠረ ብዙ ነው። ጥያቄው ራሱም መልስ አግኝቷል፤ ክልሉ አንድ ዋና ከተማ አላቆመም። መቀመጫው ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ ተከፋፈለ፤ አስተዳደሩ ቦንጋ ላይ ሆነ። ይህን ያፌዙበት ሰዎች አሉ። እኔ አላፌዝም። ሁሉንም በጥቂቱ ማስከፋት አንዱን ጨርሶ ከማስቀየም ይሻላል፤ ለድሃ ክልል አራት ከተማ ማመላለስ የሚያስወጣውን ነዳጅ ግን ማን እንደሚከፍል ጋሼን መጠየቅ ነው።

ሰው ሲያመነታ «አልበሰለም» ማለት እንወዳለን፤ በተለይ ለገጠር ሰው። ስለዚህ አገር ሰው ግን ሌላም ነገር መታወስ አለበት፤ ስለ ራሱ ጉዳይ ሌላ ቦታ ሲወሰን ነው የኖረው። የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ሲማረክ፣ ንጉሡን ሲያማክር የኖረው የሰባት ሰዎች ሸንጎ፣ ሚክሬቾ፣ አብሮ አከተመ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ከዚሁ አካባቢ ጫካ የተወሰደ የጌሻ ቡና ዘር በኬንያና በታንጋኒካ አልፎ ኮስታሪካ፣ ከዚያም ፓናማ ገባ፤ በ2004 እዚያ በውድድር አንደኛ ወጥቶ የዓለም ውድ ቡና ተባለ። ዘሩ የበቀለበት አገር ገበሬ ያን ቀን ማንም «እንዴት ነው?» አላለውም። የሚሸጠው ቡና ዋጋም ኒው ዮርክ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይነገረዋል እንጂ አይጠየቅም። እንዲህ ሲነገረው የኖረ ሰው አንድ ሐሙስ ተነሥቶ «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲባል ጥቂት ቢደናገር ከአለመብሰል አይደለም። ጥያቄውን ከምር የወሰደው እሱ ነው።

አንድ ተማሪ ግን እንዲህ ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል። ከአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ሰው ውስጥ የአንተ ድምፅ ውጤቱን የሚለውጥበት ዕድል ዜሮ ነው ማለት ይቻላል፤ ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ የምትገላበጠው ለምንድነው? አንቶኒ ዳውንስ የተባለ አሜሪካዊ በ1957፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ይህንኑ ሐሳብ አስፍቶ ጽፏል፤ የመራጩ ልፋት ከጥቅሙ ይበልጣል፣ ስለዚህ ሰው ለምን እንደሚመርጥ ራሱ እንቆቅልሽ ነው። በሒሳቡ ስሕተት የለበትም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል ግን ዳውንስ ያላየውን ያያል፤ ሎሚዋን የያዘ ሰው ሸክሙን ሁሉ እኔ ነኝ የተሸከምኩት አይልም፣ አልያዝኩም ማለትም አይችልም። ያመነታው መራጭ የሚጨነቀው ውጤቱን እለውጣለሁ ብሎ አይደለም። ነገ ሰው ሲፈናቀል ወይም መንገድ ሲሠራ «እኔም ነበርኩበት» እንደሚል ስለሚያውቅ ነው።

ስለ ትልልቅ ቁጥሮችም ትንሽ ልበል። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ላይ 99.8 በመቶ። በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ላይ 98.5 በመቶ። መስከረም 2014 ላይ 98። የደርግ ሕገ መንግሥት በጥር 1979 ዓ.ም. ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ የተነገረው ድጋፍ 81 በመቶ ነበር! ወታደራዊው መንግሥት እንኳ 18 በመቶ ተቃዋሚ መዝግቧል። ይህን የማነሣው ያኛው ምርጫ ከዚህኛው ይሻላል ለማለት አይደለም፤ አይሻልምም። በደቡብ ምዕራብ የነበረው ናፍቆት እውነተኛ ነው፤ ጋሼ ሃዋሳ መንገድ ላይ የጨረሱት ብር እውነተኛ ነው። ግን 98 የሚል ቁጥር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያመጣል፦ እውነተኛ አንድነትና ያፈረ ጥርጣሬ። የትኛው ምን ያህል እንደሆነ ከውጭ ማየት አይቻልም። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ወገን ሲሰለፍ፣ ሁሉም «እሰይ» ሲል፣ «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው የሚያጣው ምርጫውን ብቻ አይደለም፤ እድሩን፣ የሠርግ ጥሪውን፣ የቡና ጉርብትናውን ጭምር ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ባይሆንም ሳጥኑ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ጥርጣሬውን ይውጠዋል። የመጋረጃው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። መጋረጃው ሰውን ከካድሬ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱም ይሸሽገዋል።

ፈላስፋው ሩሶ በማኅበራዊ ውል መጽሐፉ የተሸናፊውን ድምፅ ነገር ሲተነትን፣ ከእኔ ተቃራኒ የሆነው ሐሳብ ሲያሸንፍ የሚያረጋግጠው እኔ ተሳስቼ እንደነበር ነው የሚል ክርክር አቅርቧል፤ የጋራው ፈቃድ ያልሆነውን የጋራ ፈቃድ መስሎኝ ነበር ማለት ነው። አልቀበለውም። 24 ሺህ ሰው አልተሳሳተም። አንዱ ሥጋቱን፣ አንዱ ልማዱን፣ አንዱ የተርጫን መንገድ ይዞ ነው የወጣው። ቁጥሩ አነሰ እንጂ ምክንያቱ አላነሰም።

የእኛ ሽማግሌዎች ዘዴ ሌላ ነበር ይባላል። በቤንችና በሸኮ፣ በመዠንገርም፣ የቡና ቅጠል ከሚጥሚጣና ከዝንጅብል ጋር የሚፈላበት ጨሞ አለ፤ ነገር ሲኖር ጨሞው ይቀርባል፣ ሰው ይቀመጣል፣ እምቢ ያለው ሰው እስኪረታ ወይም እምቢታው እስኪሰማለት ድረስ ቃል ይመላለሳል። እዚያ ማንም በ98 አይሸነፍም፤ ነገሩ ካልተቋጨ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ይህን ስናገር ናፍቆት ይዞኝ ይሆናል፤ ግን ሙሉውን እንይ። ከዚያ ሸንጎ ሴቶች በብዛት አልነበሩበትም። በካፋና በሸካ ማንጆ የተባለው ሰው ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንኳ አይቀርብም ነበር፤ ሐሳቡ የሚመዘንበት ቦታ ከየት መጥቶ? ሳጥኑ አይናገርም፣ ምክንያት አይጠይቅም፣ ሰው ግን አይለይም። የማንጆ ሴት ወረቀትና የባላባት ልጅ ወረቀት አንድ ላይ ሲወድቁ ድምፃቸው አንድ ነው። ጨሞው ለማመንታት ቦታ አለው፤ ለሁሉም ሰው ግን ቦታ የለውም። ሳጥኑ ለሁሉም ሰው ቦታ አለው፤ ለማመንታት ግን የለውም። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሳጥኑን እመርጣለሁ፤ በ98 ሳይሆን በ60 እመርጠዋለሁ።

17 ሺሁ ዋጋ አልባ ወረቀትም ከሐሳቤ አይወጣም። አብዛኛው ተራ ስሕተት ይሆናል፤ መስመር ያለፈ ምልክት፣ ሳይነካ የተጣጠፈ ወረቀት። ግን ከመካከሉ አንዱ እንኳ፣ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ረጅም ጊዜ ቆሞ፣ ሁለቱም ላይ ምልክት አድርጎ ያጠፈው ቢሆን፣ በዚያ ቀን ከተጣሉት ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው እላለሁ። ቆጣሪው ያንን ወረቀት ሲዘረጋ፣ የግራውንም የቀኙንም ምልክት ሲያይ፣ ለታዛቢዎች ከፍ አድርጎ አሳይቶ ከተበላሸው ጎን ያኖረዋል። ሥርዓቱ ያስገድደዋል፤ ልክም ነው። ለሁለት ነገር አዎ ያለ ሕዝብ ክልል አይመሠርትም።

ጋሼ ሐሙስ ዕለት ሄደዋል። ጣታቸው ላይ የቡናው ልጋግ ደርቆ ከጥፍራቸው ሥር ጠቁሮ ነበርና አስፈጻሚዋ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ነው የነከረቻቸው፤ ይህን እራሳቸው እየሳቁ ነግረውኛል። ምን እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ክልሉ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ቦንጋ ላይ በይፋ ተመሠረተ፤ የሥራ ቋንቋውም አማርኛ ሆነ። ሰሞኑን የጠየቅኋቸው ሌላ ነበር፤ ፊርማ ፍለጋ አሁን የት ነው የሚሄዱት? «ቦንጋ» አሉኝ። «ይሻላል?» «ይቀርባል።»

ይሻላል አላሉም። የቃሉ ልዩነት ለእኔ በቂ ነው፤ ያ ሰው ማመንታቱን ተወ ለማለት አልደፍርም።

ስለ 24 ሺሁ ግን አንድ የማይካድ ነገር አለ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ ክልል ከቀሩት መካከል ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በተራቸው ለሕዝበ ውሳኔ ወጡ፤ የወላይታው ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን ተደገመ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረቱ፤ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የሚባለው ስምም ከካርታ ወጣ። በመስከረም 2014 «ባለንበት እንቀጥል» ብለው የመረጡት ሰዎች ቢያሸንፉ ኖሮ እንኳ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሚቀጥሉበት ክልል አይኖርም ነበር።